2 ሜትር ከ2፣ 128 ኪሎ፦ የትኛው ማውንቴን ባይክ ይሸከመኛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቁመቴ 2 ሜትር ከ2 ሴንቲ፣ ክብደቴ 128 ኪሎ ነው። አሁን ያለኝ ሳይክል የኋላ ራጂው (ሽቦው) እየተበጠሰ አስቸገረኝ። ድንጋያማ የጫካ መንገድና ዳገት ቁልቁለት የምነዳበት ማውንቴን ባይክ መግዛት ፈልጌያለሁ። ሻጩ ጎማው 29 ኢንች የሆነ ኤክስ ኤል (ትልቁ ልክ) ይበቃሃል ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ካርቦን እንዳትገዛ፣ ይሰበርብሃል ይላል። ፉል ሳስፔንሽን (ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚያበርድ ሾክ ያለው) ይሻለኛል ወይስ ሃርድቴይል (ከፊት ብቻ ያለው)?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ዋናውን ነገር ግን ዘለውታል። ቁመትና ክብደት ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው። ቁመትህን የሚያስተናግደው ቴላዮው ነው (ፍሬሙን ማለቴ ነው፤ ከፍሬን ጋር እንዳይምታታብህ ቴላዮ እያልኩ እቀጥላለሁ)። ቴላዮ ደግሞ አንዴ ከተገዛ በኋላ አይረዝምልህም። ክብደትህን የሚሸከሙት ግን በአብዛኛው ዕቃዎቹ ናቸው፤ ቸርኬው፣ ራጂው፣ ጎማው፣ ፍሬኑ። እነዚህ ይቀየራሉ። ስለዚህ ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ ቴላዮው ልክህ መሆኑን እይ፣ ከገንዘብህም ለኋላ ቸርኬና ለፍሬን የሚሆን አስቀር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ደስ የማይለውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርህ። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ የሚጽፉት የክብደት ገደብ ከ120 እስከ 136 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የነጂውን ክብደት ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ ሳይክሉ፣ ሄልሜቱ፣ ጫማው፣ ውሃው፣ ቦርሳው ሁሉ ተደምሮ ነው። አስላው። አንተ 128፣ ሳይክሉ 16፣ ጓዝህ 5 ቢሆን 149 ኪሎ መጣ። አልፈሃል። ሳይክሉ በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ይከፈላል እያልኩህ አይደለም። ግን ቴላዮው ቢሰነጠቅ ዋስትናው ላይሠራልህ ይችላል፤ ዲዛይኑን የሠሩት ሰዎችም ያንተን ዓይነት ጭነት አላሰሉበትም። ስለዚህ ሻጩን «ጠንካራ ነው?» ብለህ አትጠይቀው፤ ሁሉም ጠንካራ ነው ነው የሚልህ። «የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ስንት ነው? የት ነው የተጻፈው?» በለው። ማሳየት ካልቻለ መመሪያውን ራስህ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደህ አንብብ። ገደቡ የነጂው ብቻ ነው ወይስ የጠቅላላው የሚለውንም እዚያው ታገኘዋለህ።

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙም የማይነግሩህ አንድ ብልሃት አለ። የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ ራሱ ከባድ ስለሆነ ለእሱ የሚሠሩ ቸርኬዎች፣ ፎርኮች (የፊት ጎማውን የሚይዙት ሹካዎች) እና ጎማዎች ጠንከር ተደርገው ነው የሚሠሩት፤ ገደባቸውም ብዙ ጊዜ 150 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ሞተር ባትፈልግም ዕቃዎቹን መጠቀም ትችላለህ። ትንሽ ይከብዳሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ካንተ ክብደት ጋር ሲተያይ ግማሽ ኪሎ ተጨመረ አልተጨመረ ልዩነቱ አይታወቅህም።

አሁን ወደ ቁመት። «ኤክስ ኤል» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርህም። የአንዱ ኤክስ ኤል የሌላው ኤል የሚሆንበት ጊዜ አለ። የምትፈልጋቸው ሁለት ቁጥሮች ሪች እና ስታክ ይባላሉ፤ በየአምራቹ የልኬት ሰንጠረዥ ላይ አሉ። ሪች ማለት ከፔዳሉ መሃል (ክራንኩ፣ ማለትም የፔዳሉ ክንድ፣ ከሚዞርበት) ተነስቶ እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው የአግድም ርቀት ነው። ስታክ ደግሞ በዚያው መካከል ያለው የቁም ከፍታ ነው። ላንተ ሪች ከ510 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ተወው፤ ከ520 እስከ 540 ቢሆን ደስ ይለኛል። ስታኩ 650 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ረጃጅም ሰዎች ሪቹን አይተው ስታኩን ይረሱታል። ከዚያ መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ይልና ቁልቁለት ላይ በመሪው ላይ ተገልብጠው የሚሄዱ ይመስላቸዋል፣ እጃቸውም ይደነዝዛል። ትንሽ የጎደለ ስታክ 50 ሚሊ ከፍ በሚል መሪ ሊስተካከል ይችላል። በጣም የጎደለን ግን ምንም አያድነውም። አንዳንድ አምራቾች ከኤክስ ኤል በላይ ደብል ኤክስ ኤል አላቸው፤ አንተ የምትጀምረው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ የኮርቻው ከፍታ። ጫማህን አውልቅና ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፤ ወፍራም መጽሐፍ በጭኖችህ መሃል አጥብቀህ ወደ ላይ ያዝ፤ ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለካ። 96 ሴንቲ መጣ እንበል። በ0.883 አባዛው፤ 85 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ይህ ከክራንኩ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ለመነሻ የሚሆን ከፍታ ነው። አሁን የኮርቻው ቱቦ 48 ሴንቲ የሆነ ቴላዮ ውሰድ፤ ኮርቻው ራሱ 5 ሴንቲ ገደማ ይወስዳል። የቀረው 32 ሴንቲ ሁሉ ውጭ የሚታይ የኮርቻ ምሰሶ ነው። አብሮት የመጣው ምሰሶ ጠቅላላ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ቢሆን ቱቦው ውስጥ የገባው 8 ሴንቲ ብቻ ነው ማለት ነው። 128 ኪሎ በዚያ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ ላይ ሲነጥር ምሰሶው ቱቦውን ከውስጥ እየፈለቀቀ ይሰነጥቀዋል። ረጃጅም ደንበኞች ቴላዮ የሚሰብሩበት ዋናው ቦታ ይኸው ነው፤ የላይኛው ቱቦና የኮርቻው ቱቦ የተበየዱበት አካባቢ። ምሰሶው ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል መስመር አለ። ያንን ማክበር ግዴታ ነው። ላንተ ደግሞ እሱም አይበቃም፤ የምሰሶው ጫፍ ከብየዳው በታች መውረድ አለበት። ስለዚህ ረጅም ምሰሶ ግዛ። ድሮፐር (በቁልፍ የሚወርድና የሚወጣው) ከሆነ ከ200 እስከ 240 ሚሊ የሚወርድ አለ፤ የኮርቻ ቱቦው ቀዳዳ 34.9 ሚሊ የሆነ ቴላዮ ካገኘህ ከ30.9ና ከ31.6 ይልቅ እሱን ምረጥ። ከመግዛትህ በፊት ግን ቱቦው ውስጥ ያን ያህል ርዝመት የሚያስገባ ቦታ መኖሩን አረጋግጥ፤ አንዳንዱ ቱቦ መሃሉ ላይ ይታጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ይኸኛው ረቀቅ ይላል። ሰንጠረዡ ላይ የኮርቻ ቱቦ ማዕዘን 77 ዲግሪ ይላል እንበል። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ኮርቻው በመሪው ቱቦ ከፍታ ላይ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ያንተ ኮርቻ ግን ከዚያ 17 ሴንቲ ያህል ከፍ ይላል። ቱቦው በእውነት የተጋደመበት ማዕዘን 70 ወይም 66 ከሆነ፣ ያን ያህል ከፍ ያለው ኮርቻህ ሰንጠረዡ ከሚያሳየው ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ወደ ኋላ ይሄዳል። ክብደትህ የኋላ ጎማ ላይ ይከመራል፣ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። መድኃኒቱ ኮርቻውን በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት መግፋትና፣ ከሁሉ በላይ፣ የኋላው የሰንሰለት ክንድ፣ ማለትም ከክራንኩ መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል ያለው ቱቦ፣ ረዘም ያለ (445 ሚሊና ከዚያ በላይ) ቴላዮ መምረጥ ነው። ለሁሉም ሳይዝ አንድ ዓይነት 430 የሚያደርጉ አምራቾች አሉ፤ እሱ ለአጭር ሰው ነው የሚመቸው።

ፉል ወይስ ሃርድቴይል ላልከው፣ በጀትህ መካከለኛ ከሆነ ሳላመነታ ሃርድቴይል እልሃለሁ። መጋጠሚያና ኩሽኔታ ባነሰ ቁጥር የሚላላና የሚንቋቋ ነገር ያንሳል። የተረፈው ገንዘብም ወደ ቸርኬና ፍሬን ይሄዳል። ፉል ካማረህ ግን አንድ ሒሳብ ሠርተህ ግዛ። የኋላው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበትን ርዝመት ሾኩ ለሚጨመቅበት ርዝመት አካፍል። 150 ሚሊ ለ60 ሲካፈል 2.5 ይሆናል፤ 150 ለ50 ግን 3 ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሾኩ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል። አንተ ከ2.6 እንዳታልፍ። ምክንያቱ የአየር ግፊቱ ነው። የተለመደው መነሻ የሰውነትን ክብደት በፓውንድ ወስዶ ያንኑ ቁጥር በፒ ኤስ አይ (በአየር ግፊት መለኪያው) መሙላት ነው፤ 128 ኪሎ 282 ፓውንድ ነው። የብዙ ሾኮች ጣሪያ ደግሞ ከ300 እስከ 350 ፒ ኤስ አይ ነው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ጣሪያው አጠገብ ነህ፤ 3 የሆነ ሳይክል ላይ ደግሞ ጣሪያውን ሊያልፍ ይችላል። አየሩ ያን ያህል ሲበዛ ሾኩ ተጨምቆ ሲመለስ እንደ ኳስ ይነጥርሃል። የመመለሻ ፍጥነቱን የምታዘገየዋ ቁልፍ እስከ መጨረሻ ጠብቃም ካላስቆመችው ሾኩ ተፈትቶ ላንተ ክብደት መስተካከል አለበት። በአየር ፋንታ ባለ ሞላ ሾክም አማራጭ ነው፤ ለክብደትህ የሚሆነው ሞላ መኖሩን ግን አስቀድመህ ጠይቅ።

የፊት ፎርኩ እግሮች ውፍረታቸው 36 ወይም 38 ሚሊ ይሁን። 32 ከሆነ ፍሬን ስትይዝ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ባይንህ ታየዋለህ።

ካርቦንን በተመለከተ ጓደኛህ የሚፈራውን ያህል አይደለም። በደንብ የተሠራ የካርቦን ቴላዮ ከርካሽ አሉሚኒየም ይልቅ ብዙ ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ድንጋይ ሲመታው ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል፣ ገንዘቡም ለሌላ ነገር ያስፈልግሃል። አሉሚኒየም ግዛ። ብረት (ክሮሞሊ) ሃርድቴይል በልክህ የሚሠራልህ ሰው ካገኘህ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። አሜሪካዊው ሌናርድ ዚን ራሱ ረጅም ስለሆነ ለረጃጅምና ለከባድ ሰዎች በልክ በመሥራት ይታወቃል፤ ደርቲ ሲክሰር የሚባለው ድርጅት ደግሞ 36 ኢንች ጎማ ያላቸው ሳይክሎች ይሠራል። ላንተ ግን 29 ይበቃሃል። ጎማ፣ ቸርኬና ራጂ በቀላሉ የሚገኘው በእሱ ነው።

አሁን ወደሚበጠሱት ራጂዎችህ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ራጂ የሚበጠሰው ክብደት በዝቶበት ተወጥሮ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጎማው ሲዞር ከሞዞው (ራጂዎቹ ከሚሰኩበት የጎማው መሃል) በታች ያለው ራጂ ጫናው ይቀልለታል፣ ዞሮ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ መልሶ ይወጠራል። 29 ኢንች ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 430 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ እያንዳንዷ ራጂ ያን ያህል ጊዜ ትላላለች፣ ትጠብቃለች። ከመጀመሪያው ላላ ተብላ ከተሠራች ካንተ ክብደት በታች ጭራሽ ትፈታለች፣ እንደገና ትወጠራለች፤ ሽቦ እያጠፉ እያቃኑ እንደመስበር ነው። ብዙ ጊዜ የምትበጠሰውም ሞዞው ላይ የታጠፈችበት ክርን ላይ ነው። የራስህን አይተህ አረጋግጥ።

በፋብሪካ በጅምላ የሚገጠም ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ላላ ያለ ነው። ስለዚህ አዲሱን ሳይክል ከሱቁ ሳታወጣ ቸርኬ መወጠር የሚያውቅ ባለሙያ ይወጥርልህ፤ በማርሹ በኩል ያሉት የኋላ ራጂዎች እስከ 120 ኪሎግራም ውጥረት ድረስ፣ የቸርኬው አምራች የሚፈቅደውን ሳያልፉ። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች በኋላ ደግሞ መልሰህ አምጣው። ራጂዎቹ 32 ይሁኑ፤ 28 የሚለውን እለፈው፣ 36 ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ራጂው ጫፎቹ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጠን ያለ (2.0፣ 1.8፣ 2.0) ይሁን፤ መሃሉ ሲቀጥን ትንሽ ስለሚለጠጥ ክርኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጋራል። ራጂውን ከቸርኬው ጋር የሚያጠብቁት ዳዶዎች ከአሉሚኒየም ይልቅ የናስ ይሁኑ። የቸርኬው የውስጥ ስፋት 30 ሚሊ ገደማ፣ አሉሚኒየም። ራጂ አንዴ ሲበጠስ እሱን ብቻ መተካት ያስኬዳል። ደግሞ ከተበጠሰ ግን ሌሎቹም ደክመዋል ማለት ነው፤ ሁሉንም ቀይር።

አሮጌው ሳይክልህ ከኋላ 7 ማርሽ ብቻ ካለው ሌላም ነገር ፈትሽ። እንደዚያ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ማርሹ በሞዞው ላይ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው። በዚህ አሠራር የቀኝ በኩል ኩሽኔታው ከማርሹ ጀርባ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከእሱ እስከ ቴላዮው ያለው ፔርኖ (የጎማው ዘንግ) ደጋፊ የለውም። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ይጎብጣል፣ ይሰበራል። አዲሱ ሳይክል ላይ ማርሹ ካሴት (በጥርስ ሳይጠመዘዝ ሞዞው ላይ ተሰክቶ የሚገባ)፣ የኋላ ፔርኖው ደግሞ ቴላዮውን በስቶ የሚያልፍ 12 ሚሊ ይሁን። ይህ የሌለውን አትግዛ።

ፍሬን። ይህ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እንዳትቆጥብ። ከ300 ሜትር ከፍታ ስትወርድ 149 ኪሎ ይዞት የሚወርደው ጉልበት 438 ኪሎጁል ያህል ነው፤ በጠቅላላ 90 ኪሎ የሆነ ሰው ግን 265። ቀጥ ባለና ዝግ ብለህ በምትወርደው ቁልቁለት አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው። ዲስኩ ትንሽ ከሆነ ፈሳሹ ይፈላል፣ እጀታው ይለሰልስና እስከ መሪው ድረስ ይገባልሃል፤ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ስለዚህ ሃይድሮሊክ፣ ባለ 4 ፒስተን፣ ከፊትም ከኋላም 203 ሚሊ ዲስክ። ፎርኩና ቴላዮው የሚፈቅዱ ከሆነ ከፊት 220 አድርገው። ሸራው ብረት የተቀላቀለበት ይሁን፤ ይጮኻል፣ ግን ሙቀት ይችላል። በኬብል የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ይዞ ከመጣ ያንን የመቀየሪያ ወጪ ከአሁኑ ደምርበት። አነዳድህም ይለወጥ፤ ቁልቁለቱን ሙሉ በቀስታ እየያዝክ አትውረድ፣ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ፍጥነትህን ቀንስና ልቀቀው። ዲስኩ የሚተነፍሰው ያን ጊዜ ነው።

ጎማው ከ2.4 እስከ 2.6 ኢንች፣ ካላማዳሪ የሌለው ቲዩብለስ ይሁን። ከስፋቱ በላይ የጎማው ቆዳ ውፍረት ነው የሚያሳስበኝ። ማክሲስ የሚባለውን የጎማ አምራች ብትወስድ ለምሳሌ ኤክሶ የሚለው ቆዳ ላንተ ይሳሳል፤ ከኋላ ደብል ዳውን የሚለውን አድርግ። ግፊቱን ከፊት 28፣ ከኋላ 34 ፒ ኤስ አይ ላይ ጀምር። ድንጋይ ስትመታ ቸርኬው «ቋ» ካለ 2 ጨምር።

ቀሪው ቶሎ ያልቃል። ፔዳሉ የብረት ፔርኖ ያለው፣ ሰፊና ረጅም፤ ቲታኒየም የሆኑት ቀላል ፔዳሎች አንዳንዶቹ ገደባቸው 90 ኪሎ ብቻ ነው። የኮርቻው ሐዲድ ክሮሞሊ። መሪው አሉሚኒየም፣ 800 ሚሊ ስፋት። ክራንክ 175 ሚሊ፤ እግርህ ረጅም ስለሆነ የሰሞኑ 165 የሚባለው ፋሽን አይመለከትህም። ከፊት ባለ 30 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 51 የሚደርስ ካሴት ካደረግክ ዳገቱን ቆመህ ሳትታገል ተቀምጠህ ትወጣዋለህ። ሰንሰለቱን የሚበጥሰው ዳገት መሃል በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ማርሽ መቀየር ነው፤ ዳገቱ ሳይጀምር ቀይር።

ሱቅ ስትሄድ ሜትርህን ይዘህ ሂድ። ኮርቻውን 85 ሴንቲ ላይ አስደርገው፣ የምሰሶው መስመር መታየት አለመታየቱን እይ፣ ተቀመጥበት፣ ፔዳል ላይም ቁም፤ ጉልበትህ መሪውን መንካት የለበትም። ከዚያ የኋላ ራጂዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገህ በጣትህ ጭመቃቸው። እንደ ላላ ገመድ ከተጠጉልህ ሳይክሉን ሳትከፍል በፊት እዚያው ይወጠርልህ ዘንድ ጠይቅ። «ፋብሪካው ነው የወጠረው፣ አይነካም» የሚልህ ሻጭ ካጋጠመህ ቸርኬ አይሠራም ማለት ነው፤ የሚሠራ ሌላ ፈልግ።